ባለቤቴ ያልሄደባቸው አራት ቦታዎች

ከጌታሁን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ጋዜጣ መቀየር ነው። ከመስክ ያመጣቸውን ዕፅዋት በጋዜጣ መካከል አስተኝቶ በሁለት ጣውላ ይጫናቸው ነበር። ጋዜጣው እርጥበቱን ይጠጣል፤ በየቀኑ እርጥቡ ወጥቶ ደረቁ ይገባል። ሠላሳ ዓመት ያህል ይህን አብረን ሠርተናል። ያን ዕለት እሱ ተክሉን ሲያነሣ፣ እኔ ጋዜጣ ሳቀብል፣ አንዲት ትንሽ ቀይ ተክል ከወረቀቱ አልላቀቅ አለች። "ተያት፣ ማንበብ ጀምራለች" አለኝ። ሳቅሁ። ጣውላውን በጠፍር አጠበቅን፣ እጃችንን ታጠብን፣ ራታችንን በላን። በማግስቱ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉኝ።

ያቺ ቀይ ተክል ነፍሳት ከሚበሉት ወገን ናት። ቅጠሏ ከሳንቲም አይበልጥም፤ በላዩ ፀጉር የመሰለ ነገር በቅሎበት በየፀጉሩ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ተንጠልጥሏል። የቀትር ፀሐይ እንኳ አያደርቀውም። ትንኝ ውሃ መስሏት ስታርፍ ትጣበቃለች፤ ቅጠሉም ቀስ ብሎ ይታጠፍባታል። በምትበቅልበት ረግረግ አካባቢ ያሉ እናቶች ለልጅ ትክትክ አፍልተው ያጠጧታል። ጌታሁን ይህን ሁሉ ነግሮኛል። ረግረጉ የት እንደሆነ ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እሱ ዶክተር አልነበረም፤ ዶክተሮቹ የሚያጠኑትን ተክል ከጫካ የሚያመጣላቸው ሰብሳቢ ነበር።

በሞተ በሰባተኛው ወር ከናይሮቢ ደብዳቤ መጣልኝ። የጻፈው ዶክተር መኮንን ነው። ድሮ ከባለቤቴ ጋር ይሠራ ነበር፤ አሁን ጊጊሪ በሚባል ሰፈር አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ጌታሁን ናይሮቢ ላለ የደረቁ ዕፅዋት ቤት ከሰጣቸው ተክሎች በአንዷ ውስጥ ለሳል የሚሆን ጥሩ ንጥረ ነገር ተገኝቷል፤ የበቀለችበትን ቦታ ለማወቅ የመስክ ደብተሩ ያስፈልገናል፤ የአውሮፕላን ቲኬት እንልክልዎታለን ይላል። ለቅሶዬን ያልደረሰ ሰው ቲኬት ሊልክልኝ መነሣቱ አጠራጠረኝ።

ከደብዳቤው ጋር በተክሏ ወረቀት ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ቅጂ ነበር። ተክሏ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ ከሚሆን ቦታ እንደ ተሰበሰበች ይናገራል፤ ቀኑንም ጠቅሷል። በጣቴ ቆጥሬ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስሁት። የማሕፀን ቀዶ ጥገና ያደረግሁበት ቀን ነው። ደብተሩን አውጥቼ ያን ቀን ፈለግሁ፤ "ስንዱ ሆስፒታል" ከሚል በቀር ምንም የለበትም፤ ስንዱ እኔ ነኝ። ጌታሁን ያን ቀን ሙሉ ከሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር እንዳልተነሣ ነግሮኛል። ነገር ግን የነገረኝ እሱ ነው፤ እኔ በማደንዘዣ ተኝቼ ነበር። እንግዲህ ወይ መኮንን በባለቤቴ ስም ሐሰት ጽፏል፣ ወይ ባለቤቴ ጥሎኝ ሄዶ ዋሽቶኛል። ቅጂው ደብዛዛ ስለ ሆነ የማን እጅ እንደሆነ አይለይም። ዋናውን በዓይኔ ለማየት ቆረጥሁ።

ቲኬቱን አልተቀበልሁም። በሰው ቲኬት የሄደ በሰው ቃል ይመለሳል። ደብተሩን በነጠላ ጠቅልዬ ከቀሚሴ ሥር ሆዴ ላይ አሰርሁት።

የመጀመሪያው ቀን። ሚሊኒየማችን ሊገባ ወራት ቀርተውት ነበርና አዲስ አበባ በየመንገዱ ተቆፍራ አውቶቡሱ ከከተማ ለመውጣት ብቻ ረጅም ጊዜ ፈጀበት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቆሎ ጋበዘኝ፤ እንቢ አልሁት። ሁለት ጊዜ ወደ ሆዴ ሲያይ ስለያዝሁት ሌባ ነው ብዬ ጨረስሁ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ጣለው፤ አፉንም ከፈተ። እንዲህ የሚተኛ ሌባ አይኖርም ብዬ ተውሁት።

ዲላ አደርን። የተሰጠኝ ክፍል ቁልፍ አልዞር ስላለኝ አልጋውን እየጎተትሁ በሩ ላይ አስደገፍሁት፤ ወገቤ ተቆረጠ። ጠዋት ባለቤቲቱ ከኋላዬ በመጋረጃ ከተሸፈነ ሌላ በር ሻይ ይዛ ገባች። አልጋውንም እኔንም አየች። "እናቴ፣ ይኼኛው እኮ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነበር" አለችኝ። ለሻዩ አላስከፈለችኝም።

ሁለተኛው ቀን። ሞያሌ ደረስን። በእኛ በኩል ያለችው ፈታሽ ሆዴን ስትዳብስ ደብተሩ እጇ ላይ መጣ። "ምንድን ነው?" አለችኝ። "የባለቤቴ ነው" አልኋት። ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየችና እጇን አነሣች፤ "እግዜር ያጥናሽ" ብላ አሳለፈችኝ። ድንበሩን ከተሻገርሁ በኋላ ግን ጥቁር ልብሴን የሚያነብልኝ ሰው አላገኘሁም። እኛ አገር ጥቁር የለበሰች ሴት ወንበር ይለቀቅላታል፣ ድምፅ ይቀነስላታል። ኬንያ ውስጥ ጥቁር ቀሚስ ጥቁር ቀሚስ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው ቀን። መኪናው ሁሉ በግራ ይሄዳል፤ በየመታጠፊያው የምንጋጭ እየመሰለኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት ያለው መንገድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ጠመንጃ የያዙ ፖሊሶች አጅበውናል። ሽፍታን ፈርተው ነው አሉኝ፤ እኔ ግን ከሽፍታው ይልቅ አጃቢዎቹን ስጠብቅ ዋልሁ። ማርሳቢት ላይ ለምሳ ወረድን። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ጥቁር ሻይ አዘዝሁ። ከወተት ጋር የተፈላ አመጡልኝ። መለስሁት፤ ሌላ ወተት ያለው መጣ። አማርኛ የምትችል የሞያሌ ሴት ከጎኔ ሆና በሳቅ ፈረሰች። "እትዬ፣ እዚህ ጥቁር ሻይ የሚጠጣ የተቀጣ ሰው ነው" አለችኝና ራሷ ወጥ ቤት ገብታ አስፈልታ አመጣችልኝ። ከሻዩ ጋር የበላሁት ኡጋሊ ገንፎ ነው፤ ግን ቅቤም በርበሬም ያልጎበኘው ገንፎ። ጎመኑን ሱኩማ ይሉታል። እሱ የእኛው ጎመን ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ናይሮቢ ስንገባ ጥሩነሽ አውቶቡሱ ሥር ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። የእህቴ ባል የአጎት ልጅ ናት፤ ፓርክላንድስ በሚባል ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት አላት፣ ከበስተኋላው ትኖራለች። ከዚያ በፊት ያየኋት አንድ ጊዜ፣ ለዚያውም ሠርግ ላይ ነው። "እትዬ ስንዱ፣ ፖሌ! ፖሌ ሳና!" ብላ አቀፈችኝ። "ምን ማለት ነው?" ብላት "እዚህ አገር ለሞተበትም፣ ለወደቀውም፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላመለጠውም አንድ ቃል ነው፤ ዝም ብለሽ ተቀበይው" አለችኝ። የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። ይህን ያህል የምትለፋልኝ ለምን ይሆን ስል አሰብሁ። መኮንንን ታውቀው እንደሆነ ጠየቅኋት። "ማነው ማያውቀው? ዓርብ ዓርብ እዚህ ነው የሚበላው" አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እሷንም ከእሱ ጋር ደመርኋት።

አምስተኛው ቀን። ጥሩነሽ የምታውቀው ታክሲ ወደ ጊጊሪ ወሰደኝ። መንገዱ ጥላ በጥላ ነው፤ አጥሩ ረጅም፣ ሰዉ ጥቂት። በር ላይ ዘበኞች በመስተዋት የመኪናውን ሆድ አዩ። የእኔን አላዩም።

መኮንን ሸብቷል። አቅፎ ሳመኝና "ነፍሱን ይማር ወይዘሮ ስንዱ። ጌታሁን ወንድሜ ነበር" አለኝ።

"ወንድም ሰባት ወር አይዘገይም" አልሁት።

ቀላ። "እውነትዎን ነው። ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፋኝ" አለ፤ ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ ቀዳልኝ፣ ሁለት ጊዜ ካማሰለ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ። "ደብተሩን አመጡት?"

"አዲስ አበባ ነው" አልሁ፤ ደብተሩ ሆዴ ላይ እያሞቀኝ።

ስለ ተክሏ ብዙ ነገረኝ። በውስጧ ያለው ንጥረ ነገር ሳልን ያላላል፤ አውሮፓ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የዚህችን ዘመዶች በሽሮፕ ይጠጣሉ፤ ነገር ግን እየታጨደች በብዙ አገር ልትጠፋ ነው። አሁን አንድ የመድኃኒት ኩባንያ የእኛይቱን ይፈልጋል።

"ማን ነው የሚያጭዳት?"

"የአካባቢው ሰው። ይከፈለዋል።"

"ለአንድ ኪሎ ደረቅ ስንት ይታጨዳል?"

"እሱ... ትንሽ ተክል ስለሆነች ብዙ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ዘሯን ወስደን በችግኝ ማሳደግ የምንፈልገው፣ የዱሯ እንዳትነካ።"

"ችግኙ እስኪደርስስ?"

ሻዩን እንደገና አማሰለ። የሚያማስለው ስኳር ጽዋው ውስጥ አልነበረም።

ስድስተኛው ቀን። ጌታሁን ተክሎቹን ወደ ሰጠበት የደረቁ ዕፅዋት ቤት ብቻዬን ሄድሁ። ደብተሩ በላብ መራስ ስለ ጀመረ የዚያን ዕለት ፍራሹ ሥር ደብቄው ወጣሁ። ክፍሉ በቁም ሣጥን የተሞላ ነው፤ እንደ ጌታሁን ኮት ኪስ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ገባሁ። ክፍሉን የምትጠብቀው ሚስስ ዋንጂሩ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት። ባለቤቴን ታውቀው ነበር። በእንግሊዝኛ፣ እንድከተላት ቀስ እያለች ነው የምታወራኝ።

ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ተክሏ የዚያችው የቀይዋ ወገን ናት፤ ደርቃ ጠቁራለች። ጽሑፉን አነበብሁ። ጌታሁን ሰባት ቁጥርን ሲጽፍ ወገቧን በመስመር ያስራታል፤ እዚያም ታስራለች። ምንም አያጠራጥርም፤ የእሱ እጅ ነው። መኮንን ንጹሕ ሆነ፣ ባለቤቴ ግን ከአግዳሚው ተነሥቶ ሄዷል። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ። ሚስስ ዋንጂሩ "ፖሌ" አለችኝ፤ ይህን ጊዜ ቃሉ ገባኝ።

"የእሱን ሁሉንም አሳዪኝ" አልኋት።

"ሁሉንም? እስከ ምሳ አንጨርስም" አለች፤ ግን አወጣችልኝ። እያንዳንዱን ገለጥሁ። እሬት፣ ግራር፣ ሣር፣ ቀኑ ሁሉ እሱ መስክ ከወጣባቸው ጊዜያት ጋር ይስማማል። ከዚያ ሌላ ነፍሳት የሚበላ ተክል መጣ። ቀኑን ሳሰላው የሠርጋችን ቀን ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ቀን ጌታሁን ከአጎቶቼ ጋር እስክስታ ሲወርድ የጫማው ሶል ተላቅቆ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ረግረግ ውስጥ ተክል ሲነቅል ዋለ ይላል። ሦስተኛው ወረቀት ልጃችን ሕይወት የተወለደችበት ቀን ነው። አራተኛው የእናቴ አርባ የወጣበት፤ ድንኳኑን የተከለው እሱ ራሱ ነበር። አራቱም ነፍሳት የሚበሉ ናቸው፣ አራቱም ከእኔ ጋር በዋለባቸው ቀናት ተሰበሰቡ ተብለዋል፣ አራቱም የተለያየ ቦታ ተጽፎባቸዋል።

ሚስስ ዋንጂሩ በሩን ገፋ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሰብሳቢ ለእያንዳንዱ ተክል ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ያው ቁጥር ደብተሩ ውስጥ አለ። አንድ ወረቀት ሲያጠራጥርሽ ቀኑን አትፈልጊ፣ ቁጥሩን ፈልጊ። የእነዚህ የአራቱ ቁጥርና ቀን አይከታተልም። ከብዙ ዓመት በፊት ነው ያየሁት። መጀመሪያ ስህተት መስሎኝ ነበር። አራቱም የሚታጨዱ ዓይነት መሆናቸውን ሳይ ዝም አልሁ።"

"ለማንም አልተናገርሽም?"

"ማንም አልጠየቀኝም" አለች። ደብተሩን አሳዪኝም አላለችኝ። ይህም ራሱ አጠራጠረኝ። አራቱን ቁጥሮች ጽፌ ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ፍራሹ ሥር ደብተሩ የለም። አንሶላውን ገለበጥሁ፣ ፍራሹን አነሣሁ፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ጥሩነሽን ፊት ለፊት ቆምኋት። "ለመኮንን ሰጠሽው?"

ጥሩነሽ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀረች። "ምኑን? ደብተሩን? ኧረ እትዬ! ዝናቡ ሲወርድ ጣራው አልጋሽ ላይ ያፈስ ጀመር፣ ፍራሹን ሳነሣ አገኘሁት እንጂ ደብተር ሳስስ ነው እንዴ?" ወደ መደርደሪያው ሄዳ ትልቁን የዱቄት ቆርቆሮ ከፈተች፤ ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከዱቄቱ ውስጥ ወጣ። "እዚህ ቤት የማያፈስበት ቦታ ይኼ ብቻ ነው" አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። "ይቅርታሽን ተይና ሽንኩርት ላጭልኝ" አለች።

ሽንኩርቱን ልጬ ስጨርስ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን ከፍቼ ቁጥሮቹን ፈለግሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ የፈለግሁት በቀን ነበር፤ ለዚያ ነው ያላገኘሁት። አራቱም ቁጥሮች አሉ፤ አራቱም ሌላ ቀን፣ አራቱም አንድ ቦታ ናቸው፤ ደቡብ ምዕራብ ያለ አንድ ረግረግ። ጌታሁን የሐሰት ቀን ሲያስፈልገው ከሌላ ጉዞው ጋር እንዳይጋጭበት መስክ እንዳልነበረ እርግጠኛ የሆነባቸውን ቀናት መርጧል፤ እነሱም ከእኔ ጋር የዋለባቸው ናቸው። ከአግዳሚው አልተነሣም ነበር። ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። ጥሩነሽ የሽንኩርት መስሏት "ውሃ ንከሪው እኮ ነው ያልኩሽ" አለችኝ።

ከዚያ ነገርኋት። አዳመጠችና "አባቱ ባለመድኃኒት አልነበሩም?" አለች።

"ነበሩ።"

"እንግዲያማ! እኛ አገር ያሉት አባ ሞገስ ቅጠል ሊቆርጡ ሲወጡ ልጅ ሆነን እንከተላቸው ነበር። ከየቁጥቋጦው ይቀጥፋሉ፣ ሥር ይምሳሉ፣ ጉያቸው ይሞላል። እኛም ሁሉንም እንለቅማለን። ከዚያ ውስጥ መድኃኒቱ አንዱ ነው፤ ሌላው ተከታይ ማሳሳቻ ነው። አሙቀን ጠጥተን ሦስት ቀን ሆዳችን ታጥቧል!"

ሰባተኛው ቀን። እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ መኮንን ሩንዳ ወዳለው ቤቱ ለምሳ ወሰደኝ። ዱቄቱን አራግፌ ደብተሩን መልሼ ሆዴ ላይ አስሬው ነበር። ግቢው ሰፊ ነው፤ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተከርክሟል፤ እኛ ሰፈር ቢሆን አሥር ቤት ይሠራበታል። ባለቤቱ ትሕትና ያላት ሴት ናት፤ ሳህኔ ባዶ እንዲሆን አልፈቀደችም። ይህ ሁሉ ወጥ ለደብተሩ ነው እያልሁ በላሁ።

መኮንን አንድ ነገር ሊያስረዳኝ ፈለገ። "ጽሑፉን አምነን አራቱም ቦታ ሰው ልከን ነበር። አንዱ የጤፍ ማሳ ነው። አንዱ የድንጋይ ካባ። አንዱ ቁልቋል ብቻ የበቀለበት ዳገት። ከአራተኛው ቦታ መነኮሳት አባረዋቸው መጡ።"

ሳቄ መጣ። ልይዘው ሞከርሁ፣ አልቻልሁም። ጌታሁን ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት የዚያን ዕለት ነው። መኮንን እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ያውቁታል ማለት ነው" አለኝ።

"አውቀዋለሁ። ደብተሩን ግን አልሰጥህም።"

"ሆድዎ ላይ ያለውን?" አለ። ባለቤቱ ደንግጣ ጭልፋውን አስቀመጠች። "ቢሮዬ ከመጡበት ቀን ጀምሮ ሆድዎን ይዘው ነው የሚቀመጡት፤ ጌታሁንም ደብተሩን እዚያው ነበር የሚያስረው። ልነጥቅዎት ብፈልግ ዓርብ ዕለት ነበር።" ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "ዝም ማለትዎ ተክሏን ከእኔ ያድናት ይሆናል። ግን ረግረግ ለሩዝም ይደርቃል፣ ለሻይም ይደርቃል። ማንም የማያውቀው ነገር ሲጠፋ ማን ይጮህለታል? ጌታሁን በሕይወት ሳለ እየሄደ ያያት ነበር። አሁንስ?"

ሰውዬው ኩባንያውን ወዶ ይሁን ተክሏን ወዶ እስከ ዛሬ አልለየሁትም፤ ሁለቱንም ሊወድ ይችላል። ስወጣ ባለቤቱ ለመንገድ ዳቦና ቆሎ ቋጠረችልኝ። ተቀበልሁ።

ስምንተኛው ቀን። ሚስስ ዋንጂሩ ዘንድ ለመሰናበት ሄድሁ። መኮንን ያለኝን ነገርኋት። "ልክ ነው" አለችኝ፤ "ያንቺም ልክ ነው።" ከዚያ አድራሻዋን ጽፋ ሰጠችኝ። "ሄደሽ እይ። ካሉ፣ አሉ ብለሽ ጻፊልኝ። የት እንደሆነ አትጻፊልኝ፤ እኔም ሰው ነኝ።" በናይሮቢ ሳምንቴ ያመንሁት ቃል ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው።

ጥሩነሽ አውቶቡስ ላይ አሳፈረችኝ። መንገዱ የመጣሁበት ስለ ሆነ አልደግመውም። ዲላ ላይ ያው ክፍል ደረሰኝ፤ አልጋውን አልጎተትሁም።

ክረምቱ እንደወጣ ወደ ረግረጉ ሄድሁ። ተክሎቹን አገኘኋቸው። በአንድ ወገን ግን ለእርሻ የተቆፈረ የማፋሰሻ ቦይ ደርሷል። እዚያ ያሉት እናቶች ውሃቸው እየቀነሰ መሆኑን ነገሩኝ። እኔ ማመልከቻ ጻፍሁ፣ እነሱ ፈረሙ፣ ወረዳው ቦዩ እንዲቆም አዘዘ። ማመልከቻው ስለ ሕፃናትና ስለ ከብት የመጠጥ ውሃ ብዙ ያትታል። ስለ ቀይዋ ተክል አንድም ቃል የለበትም።

አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ፤ በመስከረምና በየካቲት። ቦዩ እንዳልተቀጠለ አያለሁ፣ ተክሎቹን አያለሁ፣ አዲስ አበባ ተመልሼ ለሚስስ ዋንጂሩ "አሉ" ብዬ እጽፋለሁ።